ከመማሪያ ክፍል ውጭ ያለው ሚዛን፦ ተጓዳኝ ትምህርት በአሜሪካ ኮሌጆች የተማሪ አመራረጥ ታሪክ

መግቢያ

አንድ ወጣት ለከፍተኛ ትምህርት ሲመረጥ መመዘን ያለበት በፈተና ውጤቱ ብቻ ነው ወይስ በስፖርት፣ በሙዚቃ፣ በክርክር ክበብና በበጎ አድራጎት ተሳትፎውም ጭምር? ተጓዳኝ ትምህርት ለተማሪው እድገት የሚሰጠው ጥቅም አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ ተማሪን የሚያሳድግ ነገር ሁሉ ተማሪን ለመምረጥም ያገለግላል ማለት አይደለም። ይህን መመዘኛ በሰፊው የተጠቀሙበት የዩናይትድ ስቴትስ ታዋቂ ኮሌጆች በመሆናቸው፣ የእነርሱን ታሪክ መመርመር ለመምህሩም ለዕቅድ አውጪውም ይበጃል። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመመዘኛው አመጣጥ

በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ አመራረጡ ቀላል ነበር። በ1900 የተቋቋመው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ቦርድ በ1901 የመጀመሪያ ፈተናውን ሰጠ። እንደ ሐርቫርድ ባሉ ኮሌጆችም የመግቢያ ፈተናውን ያለፈ አመልካች በአብዛኛው ቦታ ያገኝ ነበር። ከምሥራቅ አውሮፓ የፈለሱ የአይሁድ ቤተሰቦች ልጆች በትጋት እያጠኑ ፈተናውን ያልፉ ስለነበር፣ በ1922 ከሐርቫርድ አዲስ ገቢዎች ከአምስቱ አንዱ ያህል አይሁዳዊ ነበር። ፕሬዚዳንቱ አቦት ሎረንስ ሎዌል በዚያው ዓመት ቁጥሩ በኮታ እንዲወሰን ሐሳብ አቀረቡ፤ ጉዳዩን የመረመረው ኮሚቴ ግን በ1923 ግልጽ ኮታን ሳይቀበል ቀረ።

በግልጽ ያልተፈቀደው በተዘዋዋሪ ተፈጸመ። ከ1922 ጀምሮ የማመልከቻው ቅጽ የአመልካቹን ዘርና ሃይማኖት፣ የአባቱን የትውልድ ቦታ፣ ከዚያም አልፎ የቤተሰቡ ስም ተለውጦ እንደ ሆነ ይጠይቅ ጀመር። በ1926 የአዲስ ገቢዎች ቁጥር በ1,000 ሲወሰን ጠባይና ተስማሚነት ዋነኛ መመዘኛ ሆኑ። ጠባይ በጽሑፍ ፈተና ስለማይለካ፣ ማስረጃው ከቃለ መጠይቅ፣ ከምስክርነት ደብዳቤና በስፖርት ሜዳ ከሚታይ የመሪነት ችሎታ ይፈለግ ነበር። ይህም በባለጸጎች አዳሪ ትምህርት ቤቶች የተማሩትን ጠቀመ፤ የአይሁድ ተማሪዎች ድርሻም በተከታዮቹ ዓመታት ቀነሰ። የኅብረተሰብ ሳይንስ ምሁሩ ጄሮም ካራቤል በ2005 ባሳተሙት መጽሐፍ የሐርቫርድን፣ የዬልንና የፕሪንስተንን ታሪክ በዝርዝር አሳይተዋል።

የዓላማው መለዋወጥ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአመልካቾች ብዛት ምርጫውን ይበልጥ አጠበበው። ከ1952 እስከ 1960 የሐርቫርድ ቅበላ ኃላፊ የነበሩት ዊልበር ቤንደር፣ በነጥብ ብቻ መምረጥ ኮሌጁን ይጎዳል ሲሉ ተከራከሩ። በ1978 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በባኪ ጉዳይ ውሳኔ ሲሰጥ፣ ዳኛ ፓወል የሐርቫርድን አመራረጥ ልዩ ልዩ ወገኖችን ለማቀፍ እንደ አርአያ ጠቀሱት። በሩን ለማጥበብ የተበጀው መሣሪያ በሩን ለመክፈትም ዋለ ማለት ነው። ፍርድ ቤቱ በ2023 ዘርን ከግምት ማስገባትን ቢከለክልም፣ ተጓዳኝ ተሳትፎ በመመዘኛነቱ ቀጥሏል። በ1975 በ15 ኮሌጆች የተጀመረው የጋራ ማመልከቻ እስከ 10 ተግባራት ለመዘርዘር ቦታ ይሰጣል።

ዕድልና ምዘና

ራጅ ቼቲና ባልደረቦቻቸው በ2023 ያወጡት ጥናት እንደሚያመለክተው፣ ከሀብታሞቹ 1 በመቶ ቤተሰቦች የተወለዱ ልጆች ተመሳሳይ የፈተና ነጥብ ካላቸው የመካከለኛ ገቢ ልጆች ይልቅ በታዋቂዎቹ ኮሌጆች የመግባት ዕድላቸው ከእጥፍ ይበልጣል። ለዚህም ከምክንያቶቹ አንዱ ከትምህርት ውጤት ውጭ የሚሰጠው ነጥብ ነው። በ2019 የተጋለጠው የማጭበርበር ወንጀል ደግሞ አንዳንድ ወላጆች በገንዘብ ኃይል ልጆቻቸውን ስፖርተኛ አስመስለው እንዳቀረቡ አረጋግጧል። ከትምህርት ሰዓት በኋላ ታናናሾቹን የሚጠብቅ ወይም ለደመወዝ የሚሠራ ልጅ ኃላፊነትን ቢያውቅም የክበብ ሊቀ መንበርነት ማዕረግ የለውም። የጋራ ማመልከቻው ሥራንና የቤተሰብ ኃላፊነትን እንደ ተሳትፎ መቁጠሩ ይህን ጉድለት ለማረም የታሰበ ነው።

ማጠቃለያ

በኢትዮጵያ የዩኒቨርሲቲ ምደባ በዋነኛነት በብሔራዊ ፈተና ላይ የተመሠረተ ነው። ፈተናም ቢሆን ቤተ መጻሕፍት ባለውና በሌለው ትምህርት ቤት መካከል ያለውን ልዩነት አያስወግድም። ሆኖም ሌላ መመዘኛ ለመጨመር ሲታሰብ ሦስት ጥያቄዎች መቅደም አለባቸው፦ ሜዳው፣ አሠልጣኙና ጊዜው በየትምህርት ቤቱ አለ ወይ? የሚመዝነው ማን ነው? ያልተመረጠውስ ምክንያቱን ማወቅ ይችላል ወይ? እነዚህ እስኪመለሱ ድረስ ተጓዳኝ ትምህርት ለሁሉም ሊዳረስ የሚገባው ትምህርት እንጂ ጥቂቶችን መለያ ወንፊት ሊሆን አይገባም።