ዐፄ ምኒልክን የጣለው ሕመም፦ ያኔ ያልታየው፣ ዛሬ የሚታየው

ዛሬ ትንሽ ታሪክ ላጫውታችሁ። መጨረሻው ግን የእናንተን ቤት የሚመለከት ነውና እስከ ታች አንብቡት።

አራት ኪሎ፣ ከቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ብዙም ሳይርቅ፣ በታላቁ ቤተ መንግሥት አጠገብ የታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ገዳም አለ። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ፣ እቴጌ ጣይቱ እና ንግሥት ዘውዲቱ ያረፉት እዚያ ምድር ቤት ነው። ወደዚያ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው ዐድዋን ነው። ለሐኪም ግን ቦታው ሌላም ነገር ያስታውሳል። እኚያን ብርቱ ንጉሥ በመጨረሻ ዘመናቸው አልጋ ላይ ያዋላቸው ስትሮክ ነበር።

📌 በቤተ መንግሥት ውስጥ የነበረው ጨለማ

የንጉሠ ነገሥቱ ጤና ከ1890ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እየታወከ ሄደ። የውጭ አገር ሐኪሞች አዩአቸው፤ ወደ ደብረ ሊባኖስም ለጸበል ሄደዋል። በግንቦት 1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አድርገው አሳወቁ። በጥቅምት 1902 ዓ.ም. ከባዱ ስትሮክ መጣ፤ ሰውነታቸው ሽባ ሆነ፣ አንደበታቸውም ተያዘ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ አራት ዓመት ያህል እንዲሁ ቆዩ። ሞታቸውም ለሕዝብ ወዲያው አልተነገረም።

የሕመሙ ምክንያት በዓይን የሚታይ ስላልነበረ ቦታውን ወሬ ያዘው። አንድ ጀርመናዊ ሐኪም «ንጉሡ እየተመረዙ ነው» እስከ ማለት ደረሰ፤ ነገሩ ግን አልተረጋገጠም። እቴጌ ጣይቱም ጥርጣሬ ውስጥ ገቡ። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ከሥልጣን አገለሏቸው። ለዚህ የፖለቲካ ምክንያት ብዙ ነበር። ሆኖም ሕመምተኛው መናገር ባልቻለበት፣ ሐኪሙም ውስጡን ማየት ባልቻለበት ቤት ጥርጣሬ እንዴት እንደሚራባ አስቡት። ደም ቅዳቸው ተዘግቶ ነው ወይስ ፈንድቶ? ዛሬም መመለስ የሚችል የለም።

📌 አራቱ ቧንቧዎች

ደም ቅዳ ማለት ደምን ከልብ ወደ ሰውነት የሚወስድ ቧንቧ ነው። ወደ አንጎል የሚወጡት ዋና ዋናዎቹ አራት ናቸው። ሁለቱ በአንገታችን ፊት ለፊት፣ በግራና በቀኝ ይወጣሉ፤ ጣታችሁን ከጉሮሮ ጎን ብታሳርፉ ትርታቸው ይሰማችኋል። ሁለቱ ደግሞ ከኋላ፣ በአንገት አጥንት ቀዳዳዎች ውስጥ አልፈው ይሄዳሉ። አራቱም ከአንጎል ሥር እንደ ቀለበት ይገናኛሉ። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዊሊስ ይህን ቀለበት በ1664 እ.ኤ.አ. በታተመ መጽሐፉ ገለጸው፤ በእኛ አገር ዐፄ ፋሲለደስ በጎንደር በነገሡበት ዘመን ማለት ነው። ዛሬም ቀለበቱ በስሙ ይጠራል።

አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ቢሆንም ከምንጠቀመው ኦክስጅን 20 በመቶ ገደማውን ይወስዳል። ስንቅ የማስቀመጥ ልማድ ግን የለውም። ደም ሲቋረጥበት በደቂቃዎች ውስጥ መሞት ይጀምራል።

📌 እንዴት መታየት ጀመሩ?

ዊሊስ ያያቸው በሞተ ሰው ላይ ነው። በሕይወት ያለን ሰው ለማየት ከ260 ዓመት በላይ ፈጀ። ራጅ የተገኘው ዐፄ ምኒልክ ወደ ዐድዋ በዘመቱበት በዚያው በ1888 ዓ.ም. ነበር። ራጅ ግን አጥንትን እንጂ ደም ቅዳን ለይቶ አያሳይም፤ ደሙም አንጎሉም ለጨረሩ አንድ ዓይነት ናቸውና።

መፍትሔውን ያመጣው ፖርቱጋላዊው ሐኪም ኤጋስ ሞኒዝ ነው። ራጅ ላይ ጎልቶ የሚታይ ፈሳሽ በአንገት ደም ቅዳ ውስጥ ወግቶ ወዲያው ማንሳት ጀመረ። መጀመሪያ ላይ አልተሳካለትም፤ አንድ ሕመምተኛም ሞተበት። በ1927 እ.ኤ.አ. ግን የአንድ ወጣት የአንጎል ደም ቅዳዎች እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ተዘርግተው ታዩ። ዐፄ ምኒልክ ካረፉ ገና 14 ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር።

ቀጥሎ በ1971 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው ሕመምተኛ ለንደን ውስጥ በሲቲ ስካን ተነሣ። ይህ ትልቅ ለውጥ ነበር፤ አንጎል ውስጥ ደም ፈስሶ እንደሆነ በደቂቃዎች ውስጥ ያሳያልና። ዛሬ ክንድ ላይ ባለ ደም ሥር ፈሳሹን ሰጥቶ በሲቲ ስካን ደም ቅዳዎቹን ማየት ይቻላል። ኤምአርአይም ያሳያቸዋል። የአንገቶቹን ደም ቅዳዎች ደግሞ በአልትራሳውንድ፣ ያለ መርፌና ያለ ጨረር ማየት ይቻላል።

📌 ታዲያ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

ዐፄ ምኒልክ ያላገኙትን ምርመራ ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ተራ ሰው ያገኘዋል። ነገር ግን ምስሉ የሚረዳው በጊዜ ለደረሰ ነው። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ምልክቱ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ በየሆስፒታሉም አይገኝም። ደም ፈስሶ ከሆነ ደግሞ ይኸው መድኃኒት ይጎዳል። ስለዚህ ሳይነሡ መገመት አይቻልም።

እኛ ግን ብዙ ጊዜ ሰዓቱን የምናጠፋው ቤት ውስጥ ነው። «ምች ነው»፣ «ብርድ መትቶት ነው»፣ «ይተኛና ይሻለዋል» እንላለን። ይህ የዚያን ዘመን የቤተ መንግሥት ወሬ በእኛ ሳሎን ሲደገም ነው። ጸበሉም ጸሎቱም አይቅር፤ ሆስፒታሉ ግን ይቅደም።

ድንገት እነዚህን ካያችሁ አትጠብቁ፦
👉 ፈገግ ሲል ፊቱ ወደ አንድ ጎን ከተጣመመ
👉 ሁለት እጁን ሲያነሣ አንዱ ከወደቀ
👉 ንግግሩ ከተንተባተበ ወይም ከጠፋ

ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት ጻፉ። ምግብ፣ ውሃም ሆነ አስፒሪን አትስጡ፤ ሊያንቀው ወይም ደም መፍሰስን ሊያባብስ ይችላል። በ907 አምቡላንስ ጥሩ፤ ከዘገየ ባገኛችሁት መኪና ሲቲ ስካን ወዳለበት ሆስፒታል ውሰዱት። ምልክቱ በደቂቃዎች ውስጥ ቢጠፋም ሂዱ፤ የትልቁ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል።

ወላጆች፣ ስትሮክ የሽማግሌ ብቻ አይደለም። በልጅነት በደንብ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም የልብ በርን ሊጎዳ፣ ከዚያም የረጋ ደም ወደ አንጎል ሊልክ ይችላል። ልጆቻችሁን አሳክሙ፤ የታዘዘውን መድኃኒት እስከ መጨረሻው ይውሰዱ። አባትና እናቶቻችሁንም ዛሬውኑ ደም ግፊታቸውን አስለኩ።

ለምትወዱት ሰው አካፍሉት።