እቃ ይጠብቃል፣ እጅ ግን አይጠብቅም፦ የማሳጅ ሥራ በኮሮና ዘመን

የኮሮናን ዘመን ስናነሳ የእኛ የነጋዴዎች ወሬ ሁሉ ስለ እቃ ነው። ስንት ኩንታል ሞያሌ ላይ ቆመ፣ የማን ሽንኩርት በሰበሰ፣ ሾፌሩ የምርመራ ውጤት ስንት ቀን ጠበቀ እንላለን። ያየነው እሱን ስለሆነ አይፈረድብንም። ነገር ግን ያ ዘመን ከእኛ ይበልጥ የጎዳቸው ሰዎች ነበሩ፤ መጋዘን የሌላቸው፣ በእጃቸው ሠርተው የሚያድሩ። ከእነሱ አንዱን ሙያ፣ የማሳጅን ሥራ፣ መርጬ ታሪኩን ላስቀምጥ። ቀኖቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ማሸት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ማሳጅ የሚለው ቃል ከመምጣቱ በፊት ወጌሻ ነበረን፤ የወለቀውን የሚመልስ፣ የተሰበረውን የሚያስር፣ የተኮማተረውን በቅቤ የሚያሽ። አዲስ አበባም ብትሆን የተቆረቆረችው በፍል ውሃ ዙሪያ ነው። እቴጌ ጣይቱና መኳንንቱ ከእንጦጦ እየወረዱ ይታጠቡበት የነበረው ቦታ ነው ከ1879 ጀምሮ ከተማ የሆነው። ገላን መንከባከብ ከከተማዋ ጋር አብሮ የተወለደ ሥራ ነው ማለት ይቻላል።

ወረርሽኝም አዲስ አይደለም። ኅዳር 1911 የገባው የኅዳር በሽታ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። የመጣው በንግድ መንገድ ነው፤ በመርከብ ወደ ሞምባሳና ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻዎች ደረሰ፣ ከወደቦቹም ባቡሩን ተከትሎ ወደ መሐል አገር ገባ። የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ከደረሰ ገና ጥቂት ጊዜው ነበር። የታሪክ ጸሐፊዎች በአዲስ አበባ ብቻ የሞተውን ሰው እስከ 10,000 ያደርሱታል። ራስ ተፈሪም ታመው ተርፈዋል። ያኔ ሥራ የቆመው በአዋጅ ሳይሆን የሚሠራ ሰው በመጥፋቱ ነው። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ የምናቃጥለው የዚያ ዘመን መታሰቢያ ሆኖ ቀርቶብን ነው።

ከ101 ዓመት በኋላ ነገሩ በሌላ መልክ መጣ። መጋቢት 4 ቀን 2012 በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተገኘ፤ ኬንያም የራሷን ያሳወቀችው በዚያው ቀን ነበር። መጋቢት 14 የኢትዮጵያ የየብስ ድንበር ለሰው ተዘጋ፣ አስፈላጊ ጭነት ግን እንዲያልፍ ተፈቀደ። መጋቢት 30 የአምስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ። ደንቡ መጨባበጥን ከለከለ፣ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ከለከለ፣ በሰውና በሰው መካከል ሁለት የአዋቂ እርምጃ እንዲኖር አዘዘ። ሱቅ ያለው ሰው ገመድ ወጥሮ ከገመዱ ወዲያ ማዶ ሊሸጥ ይችላል። የማሳጅ ባለሙያ ግን በሁለት እርምጃ ርቀት ምን ትሠራለች?

እዚህ ላይ ትንሽ የሒሳብ ነገር ላንሳ። እኔ ሰሊጥ ብይዝና ገበያ ቢጠፋ ሰሊጡ ይቀመጣል፤ ዋጋው ይወርድ ይሆናል እንጂ በአንድ ሌሊት አይጠፋም። የማሳጅ ቤት የሚሸጠው ሰዓት ነው። ዛሬ ከ8 እስከ 9 ሰዓት ማንም ካልገባ ያ ሰዓት ነገ አይሸጥም። ኪራዩ ግን ይቆጠራል፣ የሠራተኛ ደመወዝ ይቆጠራል። መንግሥታት ጭነትን «አስፈላጊ» ብለው ሲያሳልፉ እቃ ያለው ሰው በቀዳዳ ተነፈሰ፤ እጅ ብቻ ያለው አልተነፈሰም።

ይህን በቅርብ ያየሁት ናይሮቢ ነው። ኢስሊ ውስጥ ማሳጅ ቤት ያላት አንዲት ወዳጄ የጥቁር አዝሙድና የሰሊጥ ዘይት ከእኔ ትወስድ ነበር። መጋቢት 18 ኬንያ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት የሰዓት እላፊ አወጀች። ለእሷ ምሽት ማለት ገበያ ማለት ነበር፤ ሰው ከሥራ ወጥቶ፣ ወገቡ ደክሞ የሚመጣበት ሰዓት ነው። ሚያዝያ 28 ደግሞ ኢስሊ ራሷ ተዘጋች፤ መግባትም መውጣትም ተከለከለ። ለ15 ቀን ተባለ፣ ከዚያ ተራዘመ። ከሁርሊንግሃምና ከኪሊማኒ የሚመጡት ደንበኞቿ ማዶ ቀሩ።

የባሰው ጭንቀቷ እቁቡ ነበር። እቁቧን ቀድማ በልታ አልጋና ፎጣ ገዝታበታለች፤ ስለዚህ በየሳምንቱ መጣል አለባት። ብታቋርጥ ዋሷ ይከፍላል፣ ስሟም ይጠፋል። በስደት አገር ደግሞ ስም ከባንክ ይበልጣል። አንዳንድ የሙያ ጓደኞቿ በድብቅ ቤት ለቤት እየሄዱ መሥራት ጀመሩ። እሷ እምቢ አለች። «ደንበኞቼ ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው እናቶች ናቸው፤ በእጄ ፈውስ ብዬ ሞት ይዤላቸው ልሂድ?» አለችኝ በስልክ።

የኬንያ መንግሥት እፎይታ ሰጥቶ ነበር። የተጨማሪ እሴት ታክስ ከ16 ወደ 14 በመቶ ወረደ፣ የአነስተኛ ነጋዴዎች የሽያጭ ግብር ከ3 ወደ 1 በመቶ ዝቅ አለ፣ በኤም ፔሳ እስከ 1,000 ሽልንግ መላክ ያለ ክፍያ ሆነ። ሽያጭ ላለው ጥሩ ነው። ሽያጩ ዜሮ ለሆነ ሰው የዜሮ 3 በመቶም 1 በመቶም ያው ዜሮ ነው። እሷን የጠቀማት የመጨረሻው ብቻ ነው፤ ምክንያቱንም ልንገራችሁ።

ለደንበኞቿ እየደወለች አንገታቸውንና ትከሻቸውን ራሳቸው እንዴት እንደሚያሹ በነጻ ታሳያቸው ነበር። ከእነሱ አንዷ «ስትከፍቺ እመጣለሁ» ብላ የአንድ ሰዓት ዋጋ ላከችላት። ሌሎችም ተከተሉ። እሷም የእያንዳንዱን ስም፣ የተቀበለችውን ገንዘብና ያለባትን ሰዓት በደብተር ጻፈች። እቁብተኞቹም በስልክ ተመካክረው የሳምንቱን መዋጮ ለሁሉም በግማሽ ቀነሱ፣ ዙሩንም አራዘሙት። ማንም አልተካደም፣ ዋስም አልተጠራም።

ግን ታሪኩ እዚህ ላይ በደስታ አያልቅም። መንገዱ ሲከፈት ቤቱ እንደ ድሮው አልሆነም። በደንበኛና በደንበኛ መካከል ክፍሉን ማናፈስ፣ አንሶላ መቀየር፣ መወልወል ስላለ በቀን ስምንት ሰው ትቀበል የነበረችው አምስት መቀበል ጀመረች። ከአምስቱ የሚበዙት ደግሞ ቀድመው የከፈሉ ናቸው፤ እየሠራች ገንዘብ አይገባም። የቅድሚያ ክፍያ ገቢ ይመስላል፣ በሒሳብ መዝገብ ግን ዕዳ ነው። ያንን የሰዓት ዕዳ ከፍላ እስክትጨርስ ከመዘጋቱ ይልቅ መከፈቱ ከበዳት። ብዙ ማሳጅ ቤቶች የወደቁት እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ በዝጉ ቀን ሳይሆን በክፈቱ ማግስት።

በኅዳር 2013 መጨረሻ ሁለቱ መሪዎች ሞያሌ ላይ የጋራ የድንበር ጣቢያውን ሲመርቁ ለእቃ መንገዱ ሰፋ። ስለ እጅ ሠራተኛ ያሰበ ግን እስካሁን አላየሁም። ስለዚህ የምንችለውን እኛው በየእቁባችን እናድርግ። ደንባችን ውስጥ «ሥራ በአዋጅ ቢቆም» የሚል አንቀጽ ይኑር፤ መዋጮው በስንት እንደሚቀንስ፣ ዙሩ እስከ መቼ እንደሚራዘም ሰው ሳይጨነቅ በፊት ይጻፍ። በእጃችሁ የምትሠሩ እህቶችና ወንድሞች ደግሞ፣ ቀድሞ የተከፈላችሁን ገንዘብ ግማሹን ለብቻ አስቀምጡ፤ የሚያስፈልጋችሁ በር በተከፈተ ማግስት ነው።