ሺሞኒ፦ ዳው የሚነሣበት ዋሻ

ከሞምባሳ ወደ ደቡብ፣ እስከ ታንዛኒያ ድንበር አቅራቢያ የዘለቀ መንገደኛ ሺሞኒን ያገኛል። በስዋሂሊ «ሺሞ» ጉድጓድ ነው፤ መድረሻው «ኒ» እንደ እኛ «በ» ቦታ ያመለክታል። ጎብኚው ግን የሚመጣው ለጉድጓዱ አይደለም። ጠዋት ዳው በሚባለው ባለሸራ ጀልባ ተሳፍሮ፣ አስጎብኚው ዶልፊን እያሳየው፣ በኪሲቴ የኮራል አለቶች መካከል ዋኝቶ፣ በዋሲኒ ደሴት ምሳውን በልቶ ለመመለስ ነው።

የዳርቻው አለት ጥንት ባሕር ውስጥ የነበረ ኮራል ነው። ዘመን የኖራ ድንጋይ አደረገው፤ ውሃ ቦርቡሮ ዋሻ አወጣለት፤ ሰው ደግሞ ዋሻውን እስር ቤት አደረገው። አረጋውያን እንደሚተርኩት፣ በ19ኛው ምዕት ዓመት ከመሀል አገር የተነዱ ምርኮኞች ወደ ዛንዚባር ገበያ የሚወስዳቸው ጀልባ እስኪመጣ እዚህ ይታጎሩ ነበር። ሱልጣን ባርጋሽ በእንግሊዞች ግፊት ያን ገበያ የዘጋው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው።

ሐበሾች ወደ ባሕር ማዶ የተሸጡት በአብዛኛው በቀይ ባሕር በኩል ነበር። በልጅነቱ ተሽጦ በሕንድ የአሕመድናጋር ጦር መሪ ለመሆን የበቃውና እ.ኤ.አ. በ1626 የሞተው ማሊክ አምባር አንዱ ነው። መንገዱ ሌላ ቢሆንም ንግዱ አንድ ነበር።

በእኔ አስተያየት ዋሻው ከጀልባው በፊት መታየት አለበት፤ ቀኑን በባሕር ላይ ሲደሰት የዋለ ሰው ወደ ጨለማ መውረድ አያሰኘውም። የመግቢያው ክፍያ ለመንደሩ ጥቅም ይውላል።