የመልእክት ምስጢርና የማይጨው ጦርነት

በዚህ መጽሔት ስለ መልእክትና ስለ ስለላ ጥቂት ልናወጋችሁ አሰብን። ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም፤ ለኩታበር ጎረቤት የሆነችው ደሴም አለችበት።

በድሮ ጊዜ የአገራችን መልእክተኛ ደብዳቤውን በተሰነጠቀ በትር ጫፍ ሰክቶ ይጓዝ ነበር። ዋናውን ምስጢር ግን ብዙ ጊዜ ወረቀቱ አይዘውም፤ መልእክተኛው በቃሉ ይነግራል። ብልህነት ነው። ማኅተም እንደሆን ይፈታል። ከ250 ዓመት በፊት በቪየና ከተማ ለዚሁ ሥራ የተቀጠሩ ጸሐፊዎች ነበሩ። የአምባሳደሮችን ደብዳቤ ማኅተሙን በሻማ ሙቀት አላቅቀው፣ ገልብጠው፣ መልሰው አሽገው በዚያው ጧት ለባለቤቱ ያደርሱታል። እኛም በመዝገብ ቤት ሳለን «ጥብቅ ምስጢር» የሚል ማኅተም ስንመታ ኖረናል። ታዲያ ያ ማኅተም ለሰላይ ሰው «መጀመሪያ እኔን ክፈተኝ» እንደ ማለት ነው!

ዐፄ ምኒልክ ፖስታን በ1886 ዓ.ም. አቋቋሙ። ስልክና ቴሌግራፍ ቀጠለ፤ ኋላም ሬዲዮ መጣ። የአቃቂን የሬዲዮ ጣቢያ የሠራው አንሳልዶ የሚባል የጣሊያን ኩባንያ ነበር። ሊወጋን የሚሰናዳው አገር ኩባንያ መሆኑ ነው እንግዲህ።

የሬዲዮ ቴሌግራም እንደ እድራችን ጥሩምባ ነው። አንዴ ከተነፋ ወዳጅም ጠላትም ይሰማዋል። ምስጢሩን የሚጠብቀው በኮድ መጻፉ ብቻ ነው። ኮድ ፈቺ ደግሞ የሚያድነው ተደጋግሞ የሚመጣውን ነው። የማዕረግ ስም፣ ሰላምታ፣ «ይድረስ ለ...» የመሰለውን ካወቀ፣ የቀረውን እንደ ሹራብ ክር እየሳበ ይተረትረዋል።

በኅዳር 1928 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ደሴ ገብተው ጠቅላይ ሰፈራቸውን እዚያ አደረጉ። ኅዳር 26 ቀን የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማይቱን በቦምብ ደበደቧት። ከደሴ እስከ ተንቤን እግረኛ መልእክተኛ ብዙ ቀን ይፈጅበታልና ትእዛዙ በሬዲዮ ይተላለፍ ነበር። የጣሊያን ጦር ስለላ ክፍል ግን እየጠለፈ ኮዱን ይፈታው ነበር።

በመጋቢት ወር ንጉሠ ነገሥቱ ከማይጨው ግንባር ለእቴጌ መነን ቴሌግራም ላኩ። በጠላት ምሽግ ላይ ለመዝመት መቁረጣቸውን ገልጸው፣ ነገሩ ለጳጳሱ፣ ለሚኒስትሮችና ለመኳንንቱ በምስጢር እንዲነገርና ጸሎት እንዲደረግ አዘዙ። ምስጢር ይጠበቅ የሚለውን ቃል ማርሻል ባዶልዮም አነበበው። ከዚያ በኋላ የውጊያው ቀን ሲተላለፍ ሰነበተ፤ ጣሊያንም የሚመጣበትን አውቆ ምሽጉን አጠናከረ። መጋቢት 22 ቀን ሠራዊታችን ሌሊቱ ሊነጋ ሲል ገጠመ፤ በጀግንነት ተዋጋ፤ ግን የተጠበቀ እንግዳ ነበር። መርዙና አውሮፕላኑ ያደረሱትን ጉዳት ሁሉም ያወራዋል፤ የቴሌግራሙን ግን ጥቂት ሰው ነው የሚያነሳው።

ጣሊያን ሚያዝያ 7 ቀን ደሴ ገባ። ባዶልዮም ያንን ለእቴጌይቱ የተላከ ቃል ስለ ጦርነቱ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ አሳተመው።