ነፍጥ፣ ጋሻና ጉድባ፤ የጦር መሣሪያ ስሞች ታሪክ ከከፋ ዘመቻ አንጻር ሲመረመር

የጦር መሣሪያን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚመለከቱት ብረቱን ነው፤ ይኸውም የአፈሙዙን ስፋት፣ የጥይቱን ርቀትና የሠሪውን ፋብሪካ ነው። የቃላት ተመራማሪ ግን ስሙን ይከተላል። ስሙ መሣሪያው ከየት እንደ መጣ፣ በማን እጅ እንደ ገባና ተኩሱ ካበቃ በኋላ ምን እንዳስከተለ ይመሰክራልና። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው በአማርኛ የሚገኙትን ዋና ዋና የመሣሪያ ስሞች አመጣጥና የትርጉም ለውጥ ሲሆን፣ ምርመራውን የምናካሂደው በ1889 ዓ.ም. ተካሂዶ የከፋን መንግሥት ፍጻሜ ባስከተለው ዘመቻ ዙሪያ ነው። ከፋን የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ በዚያ ዘመቻ ነባሩና አዲሱ የመከላከያና የማጥቂያ ዘዴ ፊት ለፊት ተገናኝተዋል። ሁለተኛ፣ ከዘመቻው በኋላ የመሣሪያ ስሞች የመሬትና የሰው ስሞች ሆነው ቀርተዋል።

1. ከባሕር ማዶ የመጡ ስሞች

ጦር፣ ጋሻና ጎራዴ በአገሩ ውስጥ ለረጅም ዘመን የኖሩ መሣሪያዎች ናቸው። ባሩድ የሚጎርሰው መሣሪያ ግን ስሙን ይዞ የገባው በቀይ ባሕር በኩል ነው። ከእነዚህ ስሞች ሁሉ ብዙ ታሪክ ያለው «ነፍጥ» ነው። ቃሉ በመሠረቱ ከምድር የሚፈልቀውንና የሚነደውን ዘይት የሚያመለክት ሲሆን፣ በግሪክኛም በዐረብኛም ይገኛል። በግብፅ የማምሉኮች ዘመን ዐረብኛው «ነፍጥ» ከሚነደው ዘይት ወደ ባሩድ፣ ከባሩድም ወደ ባሩድ ተኳሹ መሣሪያ ተሸጋገረ። ስለዚህ ቃሉ ወደ እኛ ሲደርስ ትርጉሙን አስቀድሞ ለውጦ ነበር ማለት ነው። ባሩድና መድፍም በዚሁ መንገድ የመጡ ናቸው። «ጠመንጃ» የቱርኮች «ታባንጃ» ሲሆን፣ በዛሬው ቱርክኛ ቃሉ ሽጉጥን ብቻ ያመለክታል። ወደ አማርኛ ሲገባ «በ» በተከታዩ «ን» ተስባ ወደ «መ» ተለውጣለች።

መሣሪያው ራሱ በታሪካችን ጎልቶ የሚታየው በ16ኛው ምዕተ ዓመት ነው። በ1521 ዓ.ም. በሽምብራ ኩሬ በተደረገው ውጊያ የኢማም አህመድ ወገን ነፍጥ ይዞ ነበር፤ በ1533 ዓ.ም. ደግሞ በክሪስቶፎ ዳ ጋማ የሚመሩ 400 ያህል የፖርቱጋል ነፍጠኞች ምጽዋ ላይ ወርደው ለክርስቲያኑ መንግሥት ተሰልፈዋል። የነፍጠኞች አለቃ «ቱርክ ባሻ» ተብሎ መጠራቱ የመሣሪያውን ብቻ ሳይሆን የአሠላለፉንም ምንጭ ያሳያል። «ነፍጠኛ» የሚለው ቃል በዚህ ዘመን የሙያ ስም ነበር፤ እንደ «ፈረሰኛ» ሁሉ፣ በያዘው መሣሪያ የተለየውን ወታደር ያመለክት ነበር።

«ዝናር» የሚለው ቃልም በዚህ ላይ ሊጠቀስ ይገባዋል። ምንጩ መታጠቂያን የሚያመለክት የግሪክኛ ቃል ሲሆን፣ በዐረቦች አገር ክርስቲያኖች የሚታጠቁት መቀነት ስም ነበር። ጥይት በጎሬ በጎሬው የሚሰካበት ሰፊ ቀበቶ በመጣ ጊዜ አማርኛ አዲስ ቃል መፍጠር አላስፈለገውም፤ የነበረውን መታጠቂያ ጥይት አስይዞ ተጠቀመበት።

2. የፋብሪካና የአገር ስሞች

እስከ 19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ድረስ «ነፍጥ» ወይም «ጠመንጃ» ብሎ በጥቅል መጥራት ይበቃ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን በአፈሙዙ የሚጎርሰውን ከኋላ ከሚጎርሰው፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚይዘውንም ብዙ ከሚይዘው መለየት ግድ ሆነ። ልዩነቱ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ስለ ነበር፣ ወታደሩ ሊቃውንትን ሳይጠብቅ ስም አወጣ።

በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ከኋላ የሚጎርሰውን የስናይደር ጠመንጃ ታጥቆ ነበር። ይህ ስም በአማርኛ «ሰናድር» ሆነ። ቃል በሁለት ተነባቢዎች እንዳይጀምር አማርኛ በመካከላቸው አናባቢ አስገባ። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 የሠሩት የግራ ጠመንጃ በቋንቋቸው «ፉዚ ግራ» ይባላል፤ በእኛ ዘንድ «ውጅግራ» ሆነ። «ዚ» ወደ «ጅ» መለወጧ እንግዳ ነገር አይደለም፤ «ያዘ» ከሚለው «ያዥ» እንደሚወጣ ሁሉ፣ ጥርሳዊው ድምፅ ከ«ኢ» ጋር ሲገናኝ ላንቃዊ ይሆናል። «በልጅግ» የቤልጅግን፣ «መስኮብ» የሩሲያን አገር ስም የያዙ ናቸው። «መትረየስ» ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው። ከእነዚህ ሁሉ በተለየ ሁኔታ «ሽጉጥ» ከአማርኛው «ሸጎጠ» የወጣ ነው፤ የተሰየመው በሚቀመጥበት ስፍራ ነው። ጊዜው ያለፈበት፣ አንድ ጊዜ ተኩሶ እንደገና እስኪጎርስ ድረስ ጠላትን የሚያስመልጠው ጠመንጃ «ቆመህ ጠብቀኝ» ተብሏል። ይህ ስም ቀልድ ቢመስልም ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ትክክለኛ ቴክኒካዊ ፍቺ ይሰጣል።

3. ከፋ በ1889 ዓ.ም.

ከፋ በሰሜን በጎጀብ፣ በምሥራቅ በኦሞ ወንዝ የተከበበ፣ በደን የተሸፈነ ደጋ ነው። ንጉሡ «ታቶ» ይባል ነበር፤ ሰባት አባላት ያሉት «ሚክረቾ» የተባለው ሸንጎ ከእርሱ ጋር በመንግሥቱ ጉዳይ ይመክር ነበር። ቦንጋ የታወቀች የንግድ ከተማ ስትሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1843 አንቷን ዳባዲ የተባለው ፈረንሳዊ ተጓዥ ደርሶባታል። አንድራቻ ደግሞ የነገሥታቱ መቀመጫ ነበረች።

የከፋ ስም በሰሜኑ መሳፍንት ማዕርግ ውስጥ የገባው አገሩ በጦር ከመያዙ አስቀድሞ ነው። በጥር 1873 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ራስ አዳልን ተክለ ሃይማኖት ብለው የጎጃምና የከፋ ንጉሥ አድርገው አነገሡ። በግንቦት 1874 ዓ.ም. በእምባቦ ጦርነት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በንጉሥ ምኒልክ ስለ ተሸነፉ፣ የደቡብ ምዕራቡ መንገድ ለሸዋ ተከፈተ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ከዐድዋ ድል በኋላ የምኒልክ ሠራዊት ከጣሊያኖች የተማረኩ በሺህ የሚቆጠሩ ጠመንጃዎችንና 56 መድፎችን በእጁ አስገባ። የከፋ ዘመቻ የተጀመረው ከዚያ ድል ዓመት ሳይሞላ ነው።

ዘማቹን ጦር የመሩት ወልደ ጊዮርጊስ አቦዬ ሲሆኑ፣ ደጃዝማች ተሰማ ናደው፣ ደጃዝማች ደምሰውና የጅማው አባ ጅፋር ተባባሪዎቻቸው ነበሩ። የከፋ ወገን ጠመንጃ ጨርሶ አልነበረውም ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ቁጥሩ እጅግ ጥቂት፣ ዓይነቱም ያረጀ ስለ ነበር ዋናው መሣሪያው ጦርና ጋሻ ነበር። ከዚህም በላይ የከፋ ትልቁ መከላከያ በእጅ የሚያዝ አልነበረም። በአገሩ ወሰን ላይ ጥልቅ ጉድባዎች ተቆፍረው፣ አጥሮችና ቅጥሮች ተሠርተው፣ መግቢያው በታወቁ በሮች ብቻ ነበር። በሮቹን ይጠብቁ ከነበሩት መካከል የማንጆ ማኅበረሰብ አባላት ይገኙባቸዋል። ይህ ሁሉ ከደኑና ከወንዞቹ ጋር ተዳምሮ አገሩን ለብዙ ዘመን ጠብቆታል።

ጉድባው ግን የተቆፈረው ጦር ለሚወረውርና ፈረስ ለሚጋልብ ጠላት ነበር። ከጉድባው ማዶ ቆሞ በመቶ ሜትሮች ርቀት ላይ ያለውን ጠባቂ የሚመታ ጠመንጃ በመጣ ጊዜ የጉድባው ጥልቀት ዋጋ አጣ። ሆኖም ታቶ ጋኪ ሼሮቾ ከተሞቻቸው ከተያዙ በኋላ እንኳ በደን ውስጥ ለወራት ቆይተው፣ የተማረኩት በ1890 ዓ.ም. መባቻ ነው። ከዚያም በእስር ወደ ሸዋ ተወስደው በአዲስ አበባ አረፉ። በ1890 ዓ.ም. ከወልደ ጊዮርጊስ ጦር ጋር በከፋ አልፎ ወደ ሩዶልፍ ሐይቅ የተጓዘው ሩሲያዊ መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1905ና በ1909 ከፋን የጎበኘው ኦስትሪያዊ ፍሪድሪክ ቢበር ስለዚሁ ጊዜ የጻፉልን ናቸው።

4. ከመሣሪያ ወደ መሬት

ከድሉ በኋላ የሆነው ነገር ለቃላት ታሪክ ከውጊያው ይበልጣል። ዘማቹ ወታደር በአገሩ ሰፈረ፤ ደመወዙ በገንዘብ ስላልነበር እንደ ማዕርጉ ገባር ተሰጠው። በዚህ ጊዜ «ነፍጠኛ» የሚለው ቃል ከሙያ ስምነት ወጣ። ነፍጥ የያዘው ሰው ባለ ገባር ሆነ፤ ነፍጡን አኑሮ እርሻ ቢይዝም፣ ልጁ ነፍጥ ባይነካም፣ ስሙ አልተለወጠም። ቃሉ በከፋና በሌሎች የደቡብና የምዕራብ አገሮች የመደብ ስም ሆኖ ቆየ።

«ጋሻ»ም በተመሳሳይ መንገድ ተጉዟል። የተዋጊው መከታ የነበረው ቃል የመሬት መለኪያ ሆኖ፣ አንድ ጋሻ መሬት 40 ሄክታር ያህል ይገመት ነበር። በቃላድ የተለካው የደቡብ መሬት የተቆጠረው በዚህ ቃል ነው። ቆዳው ጋሻ ከጦር ሜዳ ሲወጣ ቃሉ ወደ መሬት መዝገብ ገባ ማለት ይቻላል። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 የመሬቱን ሥርዓት ሲሽር፣ «ጋሻ» በዚህ ትርጉሙ ከሕግ ቋንቋ ወጣ፤ «ነፍጠኛ» ግን ተጨባጭ መሠረቱ ከፈረሰ በኋላ በፖለቲካ ቋንቋ አዲስ ሕይወት አገኘ።

ሦስተኛው ምሳሌ «ጦር» ነው። በመጀመሪያ በእጅ የሚወረወር መሣሪያ ነው፤ ቀጥሎ መሣሪያውን የያዘው ሠራዊት፣ ከዚያም ራሱ ውጊያው ሆነ። ዛሬ «የጦር መርከብ» ወይም «የጦር አውሮፕላን» ስንል ስለ ዘንጉና ስለ ስለቱ የሚያስብ ማንም የለም። ነገር ግን የከፋን ዘመቻ በሚመለከት ጽሑፍ ውስጥ «ብዙ ጦር» የሚል ሐረግ ቢገኝ፣ ተርጓሚው ዘንጉን ነው ወይስ ሠራዊቱን ብሎ መጠየቅ አለበት።

5. ከጎጀብ እስከ ብረት ለበስ

ከከፋ መያዝ 40 ዓመት ሳይሞላ የስም አወጣጡ እንደገና ተለወጠ። የጣሊያን ወራሪ ጦር አውሮፕላን፣ ቦምብ፣ ታንክና ካሚዮን ይዞ መጣ፤ ቃላቱም ከፈረንሳይኛ፣ ከጣሊያንኛና ከእንግሊዝኛ አብረው ገቡ። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ልዑል ራስ እምሩ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር እየተዋጉ ወደ ደቡብ ካፈገፈጉ በኋላ በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከብበው እጃቸውን ሰጡ። በ1889 ዓ.ም. የከፋን ሰሜናዊ ወሰን ይጠብቅ የነበረው ወንዝ በዚህ ጊዜ የሌላ ሽንፈት ስፍራ ሆነ። ልዩ ልዩ መሣሪያ የያዘ ወገን ጥቂት መሣሪያ ያለውን ሲያሸንፍ ከፋ ሁለት ጊዜ አይቷል።

ከነፃነት በኋላ የጦር ትምህርት ቤቶችና የትርጉም ክፍሎች ሲስፋፉ ከአገር ቋንቋ የተሠሩ ስሞች መብዛት ጀመሩ። ብረት ለበስ፣ አየር ወለድ፣ ሰርጓጅ መርከብ፣ ፀረ ታንክና የመሳሰሉት የዚህ ሥራ ውጤቶች ናቸው። እነዚህ ስሞች መሣሪያውን በግብሩ ይገልጻሉ፤ አንባቢው ዕቃውን ሳያየው ምን እንደሚሠራ ይረዳል። ወታደሩ ግን ዛሬም የቀድሞውን ልማድ አልተወም፤ «ክላሽ» ሲል «ሰናድር» ያለው ወታደር ያደረገውን ነው የሚያደርገው።

6. ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆችና ለተርጓሚዎች

ከላይ ከተመለከትነው ሦስት ነገር እንዲፈጸም እናሳስባለን።

ሀ. «ነፍጠኛ» በአንድ ፍቺ ብቻ መመዝገብ የለበትም። ትርጉሞቹ በዘመናቸው እንዲለዩ የሚከተለውን አቀራረብ እናቀርባለን። (1) በነፍጥ የሚዋጋ ወታደር፤ ከ16ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ። (2) በደቡብና በምዕራብ ከዘመቻ በኋላ የሰፈረ፣ ገባር ወይም መሬት የተሰጠው ወታደርና ወራሹ፤ ከ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ እስከ 1967 ዓ.ም.። (3) የፖለቲካ መጠሪያ፣ በነቀፌታ በአንድ ሕዝብ ላይ የሚሰነዘር፤ ይልቁንም ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ። ሦስተኛውን ትርጉም ወደ ሁለተኛው ዘመን መልሶ ማንበብ የታሪክ ስሕተት ነው። ሦስተኛውን ለመሸሽ ሲባል ሁለተኛውን ከመዝገብ መፋቅም ያው ስሕተት ነው፤ በገባርነት የኖረው የከፋ ገበሬ ታሪክ ያለው በዚያ ፍቺ ውስጥ ነውና።

ለ. የቡላቶቪችን፣ የቢበርንና የመሳሰሉትን ሥራዎች የሚተረጉም ሰው የመሣሪያውን ዓይነት የሚጠቅስ ቃል ሲያገኝ ሁሉን «ጠመንጃ» ብሎ እንዳያልፍ ይጠንቀቅ። ሰናድር፣ ውጅግራና ቆመህ ጠብቀኝ በአንድ ዘመን የነበሩ፣ የኃይል ሚዛንን የሚለዩ ስሞች ናቸው።

ሐ. ሦስተኛው ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ነው። አማርኛ የአጥቂውን መሣሪያ እስከ ፋብሪካው ስም ድረስ ለይቶ ይዟል፤ የከፋን መከላከያ ሥራ ግን «ጉድባ»፣ «አጥር»፣ «ምሽግ» በሚሉ ጥቅል ቃላት ብቻ ነው የሚጠራው። በተለይ «ምሽግ» የሚለው ቃል በዛሬው አንባቢ ዘንድ መትረየስ የተጠመደበትን ጉድጓድ ስለሚያሳስብ፣ የከፋን የወሰን ጉድባ ለመተርጎም አይስማማም። የከፋ ሰው ቋንቋውን «ካፊ ኖኖ» ይለዋል፤ «ኖኖ» አፍ ማለት በመሆኑ ስያሜው ከአማርኛው «አፍ» ጋር በአሠራር ይመሳሰላል። ሊዮ ራይኒሽ እ.ኤ.አ. በ1888፣ ኤንሪኮ ቼሩሊ በ1951 ይህንን ቋንቋ በመጽሐፍ አጥንተውታል። ዛሬም ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል አካል በሆነው በከፋ ዞን በሰፊው የሚነገር ቋንቋ ነው። ስለዚህ የጉድባውን ክፍሎች፣ የበሮቹን ዓይነትና የጠባቂዎቹን ማዕርግ የሚመለከቱ ቃላት ከቦንጋና ከአካባቢዋ ሽማግሌዎች ተለቅመው፣ ከእነዚህ ሁለት ሥራዎችና ከቢበር መጻሕፍት ጋር ተመሳክረው፣ በቀጥታ በካፊ ኖኖ ስማቸው ወደ አማርኛ የታሪክ ቃላት መዝገብ መግባት ይገባቸዋል። ከስናይደርና ከግራ ቃል የተዋሰ ቋንቋ ከጎጀብ ማዶ ለመዋስ የሚከለክለው ምክንያት የለም።