ከኻርቱም እስከ ጥቁር አንበሳ፦ «የቤተሰብ ሐኪም» የሚባለው ሰው ከየት መጣ?

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡና እያፈላችሁ አንብቡት። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መነሻዬ አንድ የስደት ልጅ ነው። ኻርቱም፣ ዴም ሰፈር ነው ያደገው። እናቱ ሻይ እየሸጠች አስተምራዋለች። ሕክምናውን እዚያው ጨረሰ፣ ጦርነቱ መጣ፣ ወጣ። አሁን ስፔሻላይዝ ለማድረግ ፎርም እየሞላ ነው። ሰሞኑን ደውሎ «ጋሼ፣ የቤተሰብ ሕክምና ልማር አስቤያለሁ፤ ግን ቤተሰቡ አልተስማማም» አለኝ። አሜሪካ ያለው አጎቱ «ይህን ሁሉ ዓመት ተምሮ ጤና ጣቢያ ሊቀመጥ ነው? ሰርጀሪ ይማር እንጂ!» ብሏል። እናቱ ዝም ብላለች። የእናት ዝምታ ደግሞ ከአጎት ጩኸት በላይ ይከብዳል።

ሦስቱም ይህን ገጽ ያነባሉ። ስለዚህ መልሴን በታሪክ ላድርገው።

ኻርቱም የሐኪም ትምህርት ቤት ያገኘችው በ1924 ነው። በ1916 ባሕር ላይ ለሞተው ለእንግሊዙ ሎርድ ኪችነር መታሰቢያ ተብሎ የተከፈተ ትምህርት ቤት ነበር። ቆይቶም ከጎርደን ኮሌጅ ጋር ተዋሕዶ የዛሬው የኻርቱም ዩኒቨርሲቲ አካል ሆነ። አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ለተማሪዎቹ መደጎሚያ ንብረቱን የሰጠው ሰው አል ባግዳዲ የሚባል ነጋዴ ነው። ኻርቱም የገባው ከውጭ መጥቶ ነው። የሱዳን ሐኪሞች በእንግዳ ሰው ገንዘብም ተምረዋል ማለት ነው። «ስደተኛ ለአገሩ ምን ጠቀመ?» ለሚላችሁ ይህን ንገሩት።

ዓመታት ሲያልፉ ግን እንደ ብዙ አገር ሱዳንም ያው ችግር ገጠማት። ትልልቅ ሆስፒታሎችና ስፔሻሊስቶች ዋና ከተማ ተሰበሰቡ፤ ገጠሩ ደግሞ ገና ከዩኒቨርሲቲ ለወጣ ልጅ ቀረ። ያ ልጅም ዓይኑ ከተማው ላይ ነው፤ ተራው እስኪደርስ ይቀመጣል፣ ከዚያ ይሄዳል። በ1978 አልማ አታ ላይ የዓለም መንግሥታት ተሰብስበው «ጤና የሚጀምረው ሰው ከሚኖርበት ሰፈር ነው» የሚለውን ሐሳብ በመግለጫ አጸደቁ። መግለጫ ግን ሐኪም አያፈራም።

ለዚህ መላ ካመጡት አንዱ ከኻርቱም በስተደቡብ፣ ወድ መደኒ ያለው የገዚራ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ2010 ከክልሉ የጤና ሚኒስቴር ጋር ሆኖ በቤተሰብ ሕክምና የሁለት ዓመት የማስተርስ ትምህርት ጀመረ። ብልሃቱ ሐኪሙን ከጤና ጣቢያው አለማንሳቱ ላይ ነው። ልጁ እየሠራ ይማራል፤ አስተማሪው በኢንተርኔት ይደርሰዋል፣ በሽተኛውንም አብረው ይመክሩበታል። ከ200 በላይ ሐኪሞች በዚህ መንገድ ተመዘገቡ። ለመማር ሲባል ሕዝቡን ትቶ መሄድ ቀረ ማለት ነው።

ከዚያ የምናውቀው መጣ። ሚያዝያ 2023 ኻርቱም ተቃጠለች፤ በታኅሣሥ ደግሞ ወድ መደኒ ተያዘች። እኛም እንደገና ሻንጣ አነሳን።

ወደ አገራችን እንምጣ። በ1954 ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት ሐሳቡ ተመሳሳይ ነበር፤ የጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያውን አብሮ አሠልጥኖ ወደ ገጠር መላክ። የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ በ1964 ተከተለ። የቤተሰብ ሕክምና ግን እንደ አንድ ስፔሻሊቲ የመጣው በ2013 ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶና ከዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሆኖ በጥቁር አንበሳ የሦስት ዓመት ሬዚደንሲ ጀመረ፤ የመጀመሪያዎቹ በ2016 ተመረቁ። ሙያው በአገራችን ገና ልጅ ነው። አጎት ሆይ፣ ስሙን ባትሰማው አይፈረድብህም።

አንተ ባለህበት አሜሪካም ቢሆን መንገዱ አልጋ በአልጋ አልነበረም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሁሉም ወደ ስፔሻሊቲ ሮጠ፣ የሰፈር ሐኪም ተመናመነ። በ1969 ነው የቤተሰብ ሕክምና ራሱን የቻለ ስፔሻሊቲ ተብሎ የታወቀው፤ በተራ ቁጥር 20ኛው። ስለዚህ «ስፔሻሊስት ይሁን» ካልከው፣ ይኸውና ስፔሻሊስት ነው። እናትየዋን ታማ፣ ሕፃኑን ታሞ፣ ሽማግሌውን ደክሞ፣ ሁሉንም በአንድ በር የሚቀበል ስፔሻሊስት።

እኔ ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም። እናቴ ኻርቱም ሳለች ስኳርም ደም ግፊትም ነበረባት። ለስኳሩ አንድ ሐኪም፣ ለግፊቱ ሌላ፣ ለጉልበቷ ሦስተኛ። እያንዳንዱ የራሱን ያዝዛል፤ የሌላውን የጠየቀ የለም። ብድግ ስትል እያዞራት ትወድቅ ጀመር። በመጨረሻ አንድ ወጣት የሰፈር ሐኪም «መድኃኒቶቿን በሙሉ በፌስታል ይዘህ ና» አለኝ። ጠረጴዛው ላይ ዘረገፋቸው። አንዱ መድኃኒት በሁለት የተለያየ ስም ተገዝቶ ሁለት ጊዜ ትውጠው ነበር። አንዱን አስቀረላት፤ መውደቋም ቀረ። ቀዶ ሕክምና አላደረገም፤ የሠራው ጠይቆ መስማት ብቻ ነው። በመተማ በኩል የተሻገራችሁ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ በድንኳን ውስጥ የሚፈለገው የልጅ ተቅማጥም፣ ምጥም፣ ግፊትም፣ በድንጋጤ እንቅልፍ ያጣ ሰውም ቢመጣ «የኔ አይደለም» የማይል ሐኪም ነው።

አሁን ለልጁ፣ ስለ ምርጫው። በአሜሪካ በ1940ዎቹ ሆስፒታሎች ተማሪ ለመያዝ ሲሽቀዳደሙ፣ ከመመረቁ ሁለት ዓመት ቀድመው ያስፈርሙ ነበር። ልጁ ገና ምን እንደሚወድ ሳያውቅ ይታሰራል። በ1952 መላ መቱ፤ አመልካቹ የሚፈልጋቸውን ቦታዎች በቅደም ተከተል ይጽፋል፣ ፕሮግራሞቹም እንዲሁ፣ ድልድሉን አንድ ማዕከል ይሠራል። በኋላ ሒሳቡ ለአመልካቹ እንዲያደላ ተስተካከለ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ «አይቀበሉኝም» ብለህ የምትወደውን ወደ ታች አታውርድ። ከልብህ የምትፈልገውን አንደኛ ጻፍ። ባያገኙህ ወደ ሁለተኛው ትወርዳለህ እንጂ በመድፈርህ የምታጣው የለም።

ፕሮግራም ስትመርጥ በስሙ ትልቅነት አትታለል። ጠይቅ፤ ጊዜዬን ዎርድ ብቻ ነው የማሳልፈው ወይስ ጤና ጣቢያም? ያው በሽተኛ ተመልሶ ወደ እኔ ይመጣል ወይ? ማዋለድ፣ ሕፃናትን ማከም፣ የአእምሮ ጤና እማራለሁ? ቀደም ብለው የተመረቁት ዛሬ የት ናቸው? በተለይ የመጨረሻውን ከራሳቸው ከተማሪዎቹ ስማ።

ወረቀትህንም ዛሬውኑ ሰብስብ። አሜሪካ ለመግባት የሚያመለክት ሐኪም ዲፕሎማው ከተማረበት ትምህርት ቤት በቀጥታ መረጋገጥ አለበት። ኻርቱም የተማራችሁ ሁሉ፣ ያላችሁን ዲፕሎማና ውጤት ስካን አድርጋችሁ በሁለት በሦስት ቦታ አስቀምጡ። ጦርነት ሰነድ ያቃጥላል።

እናቱ ሆይ፣ የመጨረሻው ላንቺ ነው። ስኒ ስታቀርቢ ደንበኛሽን በስሙ ታውቂው ነበር፤ ስኳር የማይወስደውን፣ ልጁ የታመመበትን፣ ሰሞኑን ያልመጣውን። ልጅሽ የመረጠው ሙያ ይኸው ነው፤ ካንቺ የተማረውን በነጭ ጋዋን ሊሠራው ነው። ዝምታሽን ፍቺና መርቂው።

ልጆቻቸው ፎርም እየሞሉ ላሉ ወላጆች አድርሱልኝ። ቸር ያሰማን።