ምንጫቸው ክፍት የሆኑ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞችና የአመራራቸው ታሪክ

በአዲስ ቅዳም አካባቢ ወንፈል የጠራ ገበሬ የሚታረሰውን መሬት ራሱ ያመለክታል፤ በሬውን ይዞ የመጣው ጎረቤትም ተራው ሲደርስ በገዛ ማሳው ላይ አዛዥ ይሆናል። ማሳው የሁሉም በሆነበት ሥራ ላይ ግን አዛዡ ማን ይሁን? ማንም እንዲያነባቸውና እንዲያሻሽላቸው ተፈቅዶ የሚሠራጩት የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ይህን ጥያቄ ሳይጋፈጡ አልቀሩም።

በመጀመሪያ የጀመረው ሰው ይመራ ነበር። ፊንላንዳዊው ተማሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሊኑክስን ሲያወጣ፣ ከየአገሩ የሚላክለትን እርማት የሚቀበለውም የሚጥለውም እርሱው ነበር። በ1993 የተመሠረተው የደብያን ማኅበር ግን በ1998 የተጻፈ ሕገ ደንብ አጸደቀ፤ መሪው በየዓመቱ ይመረጣል፣ ውሳኔውንም አባላቱ በድምፅ ሊሽሩት ይችላሉ።

ከሁሉ ይልቅ አስተማሪ የሆነው የፓይተን ታሪክ ነው። የዚህ የፕሮግራም ቋንቋ ፈጣሪ ጊዶ ቫን ሮሰም ለብዙ ዓመታት የመጨረሻውን ቃል ሲሰጥ ቆይቶ፣ በ2018 በአንድ የሰዋስው ማሻሻያ ላይ በተነሣ ክርክር ተሰላችቶ ሥልጣኑን ለቀቀ። ተተኪ አልሾመም። አባላቱ ለወራት መክረው፣ ልዩ ልዩ የአስተዳደር ሐሳቦችን በድምፅ አመዛዝነው፣ በ2019 አምስት ሰዎች ያሉበት ምክር ቤት መረጡ። ከአምስቱ መካከል የአንድ ድርጅት ተቀጣሪዎች ከሁለት መብለጥ የለባቸውም። አንቀጹ ትንሽ ይምሰል እንጂ ብልህነቱ የሚታየው ከዚያ ቀደም የሆነውን ላስታወሰ ሰው ነው፤ ይኸውም ኦራክል የተባለው ኩባንያ በ2010 ሳን ማይክሮሲስተምስን ሲገዛ ኦፕን ኦፊስም አብሮ በእጁ ገባ። በአያያዙ የሠጉት አዘጋጆች በዚያው ዓመት ግልባጩን ይዘው ወጡና ሊብሬ ኦፊስን አቋቋሙ። እንዲህ ያለውን መለየት ፈቃዱ ስለሚያስችል፣ መሪው ተከታዮቹን በግድ ሊይዛቸው አይችልም።

ይሁን እንጂ ለመለየት ባለሙያና ገንዘብ ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር ለጤና መረጃ የተቀበለው ዲ.ኤች.አይ.ኤስ.2 ምንጩ ክፍት ነው፤ ቅጾቹን አገሩ በራሱ ፍላጎት ያደራጃል። በዋናው ፕሮግራም ላይ ምን እንደሚጨመርና ምን እንደሚቀነስ ግን የሚወሰነው በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው። ስለዚህም የትምህርት ዕቅድ አውጪ ነጻ ፕሮግራም ሲመርጥ፣ ከዋጋው ባሻገር የአገሩ ባለሙያ ድምፅ የሚሰማበት መንገድ መኖሩን ሊመረምር ይገባል። ጋምቢያና ዩጋንዳ ይህንኑ ፕሮግራም ለትምህርት ቤት መረጃ ስለተጠቀሙበት፣ ጉዳዩ ለመምህራንም ቢሆን ሩቅ አይደለም።